ቀዩን መስቀል ለባለቤቱ እንመልስ

ግልጽ ደብዳቤ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ላላችሁ፣ መኪናና ባጃጅ ለምትነዱ፣ ታፔላ ለምታሠሩና ለምትሠሩ ሁሉ

ውድ ወገኖቼ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ታፔላ ሠዓሊ ነኝ። ደሴ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ በር ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ቆርቆሮ ላይ ስጽፍና ስሥል ኖሬያለሁ። አሁን ሥራው ወደ ባነርና ስቲከር ሄዷል። ቢሆንም ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ የእጄን ሥራ አሁንም አየዋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከእነዚያ ሥራዎች አንዱ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ግን ነገሩን ከሐረጎ ልጀምር።

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። አመሻሽ ላይ ነው። ሐረጎ ላይ ጉሙ ወርዷል። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን። መንገዱ ጠመዝማዛ መሆኑን የሚናገረውን ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ዞር ብሎም ሳያየው አለፈ። ኩርባው ላይ ደርቦ ቀደመ። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ዝም አልኩ።

ትንሽ እንደሄድን አስፋልቱ ላይ ቅጠል አየን። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፣ ሦስት ቦታ ተራርቆ የተጣለ። ሾፌሩ ወዲያው ማርሽ ቀነሰ። ፍሬን ያዘ። ወሬውንም አቋረጠ። ከኩርባው ጀርባ ጭነት የያዘ ተሳቢ ቆሟል። ረዳቱ ከሥሩ ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

ካለፍነው በኋላ ጠየቅኩት።

«ቅድም ምልክቱን አላየኸውም?»

«የቱን?»

«ኩርባ አለ የሚለውን ነዋ።»

«እሱማ ሁሌም አለ» አለኝ። «ቅጠል ግን ሰው ነው የሚያስቀምጠው፣ ጋሼ።»

ይህችን መልስ ይዤ ቤቴ ገባሁ። እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ያ ባለሦስት ማዕዘን ብረት ከጀርባው ብዙ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመ የመንገድ ምልክቶች ስምምነት አለ። ሦስት ማዕዘን ለማስጠንቀቂያ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ለክልከላ፣ ስምንት ማዕዘን ለ«ቁም» እንዲሆን የተስማሙት ቋንቋ ሳይለያቸው ሁሉም እንዲግባቡበት ብለው ነው። ቅጠሉ ላይ የማንም ፊርማ የለም። ሾፌሩ ያመነው ግን ቅጠሉን ነው። ለምን? እርጥብ ስለሆነ። እርጥብ ቅጠል ማለት አሁን፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ አንድ ሰው ከመኪናው ወርዶ፣ ገደሉን ወጥቶ ቆርጦታል ማለት ነው። ፊቱን ለማያውቀው፣ ከኋላው ለሚመጣው ሰው አስቦ ነው ያስቀመጠው።

ይህም ቢሆን ይበላሻል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ቅጠሉን ሳያነሳ የሚሄድ አለ። ድንጋዩንም እዚያው ጥሎ የሚሄድ አለ፤ ጎማ ሥር የነበረ ድንጋይ ማታ ለሚመጣ ባጃጅ ወጥመድ ነው። ቅጠሉ አንድ ሁለት ቀን ከዋለ ይደርቃል። የሚያልፈው ሁሉ ይረግጠዋል፤ ከፊቱ ምንም የለማ! ደረቁን የረገጠ ሾፌር ታዲያ በሚቀጥለው ሳምንት እርጥቡን ሲያይ ፍሬኑን በትንሹ ይዘገያል። ጉም ውስጥ ደግሞ ያቺ ትንሽ ብዙ ናት።

እኔ በሙያዬ ምልክት ከሐሳብ እንደሚቀድም አውቃለሁ። የሥጋ ቤት ታፔላ ስሠራ ፊደሉ ላይ ብዙ አልጨነቅም። የምጠበብበት መስቀሉ ወይም ጨረቃዋ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስቀል፣ ከሰዓት ጨረቃ ሥያለሁ። ብሩሹ አንድ ነው። በመሐል በቲነር አጠብኩት፣ ያ ብቻ ነው። ደንበኛው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ምልክቱን ያያል፣ እግሩ ራሱ ይታጠፋል። ገብቶ «ማን አረደው?» ብሎ አይጠይቅም። ባደግኩበት ሰፈርም ጠላ ቤት የሚታወቀው እንጨት ላይ በተደፋ ጣሳ ነበር። ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል። ባዶ ጋን ይዞ ጣሳ መስቀል ነውር ነበር።

ቀለም ያስተማሩኝ አዛውንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ይሥሉ ነበር። በቆየው የአሣሣል ወግ ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ፊደል ያልቆጠረ ምዕመን ገና ሥዕሉን ሲያይ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ዓይን ሰውን እንደሚይዝ እኚያ ሰው ነግረውኛል። በሌላ አገር ደግሞ ይህንኑ ለክተውታል። እንግሊዝ አገር ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሠራተኞች ሻይና ቡና ራሳቸው ቀድተው ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ የሚጨምሩበት ክፍል ነበር። ተመራማሪዎች ከዋጋው ወረቀት በላይ አንድ ሳምንት የአበባ፣ አንድ ሳምንት የሰው ዓይን ሥዕል ለጠፉ። የዓይን ሥዕል ባለበት ሳምንት የገባው ገንዘብ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በኋላ የሞከሩ ሁሉ ይህን ያህል ልዩነት አላገኙም። ቢሆንም እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ወረቀት ብቻ ነው፣ ማንም አያያቸውም ነበር።

ቋንቋችንም ምልክትንና ቃልን አልለያቸውም። ማተብ አንገት ላይ የሚታሰር ክር ነው። «ማተብ ያለው ሰው» ስንል ግን ቃሉን የማያጥፍ ማለታችን ነው። ሙስሊሙ ወንድሜ አደራ ሲሰጠኝ «አማና» ይለኛል። እኔ ቆርቆሮ ላይ የምሥለው ነገርም አማና ነው። ያየው ሰው ሁሉ ያምነዋል፣ ያመነውን ያህልም እግሩን ያነሳል።

አሁን ወደ እንቅልፌ ልምጣ።

ለክሊኒክና ለመድኃኒት ቤት ብዙ ታፔላ ሠርቻለሁ። ባለቤቱ ይመጣና «አንድ ቀይ መስቀል ጣል አድርግበት» ይለኛል። ነጭ መደብ፣ ቀይ መስቀል። ቀላል ሥራ ነው፣ ከሩቅም ይታያል። ጣል አደርግበት ነበር። ሰፈራችን ውስጥ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ሲሰጥ ገብቼ ነው አሠልጣኙ ምልክቱ የማን እንደሆነ ሲናገር የሰማሁት። በልቤ የሣልኳቸውን መቁጠር ጀመርኩ። 11 ደረስኩ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ጣሊያን ውስጥ ሶልፌሪኖ በተባለ ቦታ ከባድ ውጊያ ሆነ። ሄንሪ ዱናንት የተባለ የስዊዘርላንድ ነጋዴ እዚያ ደርሶ ቁስለኛው የሚያነሳው አጥቶ ሲማቅቅ አየ። እሱ ባነሳው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1864 መንግሥታት ጄኔቫ ላይ ተስማሙ። ቁስለኛና አካሚ አይመታም ተባለ። ታዲያ አካሚው ከሩቅ በምን ይለይ? የስዊዘርላንድን ባንዲራ ቀለም ገልብጠው ነጭ ላይ ቀይ መስቀል አደረጉት። ኦቶማን ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1876 ቀይ ጨረቃን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር የማይያያዝ ቀይ ክሪስታል የሚባል ሦስተኛ ተጨመረ። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ አትተኩስ።

ማን ይጠቀምበት የሚለውም እ.ኤ.አ. በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች ተደንግጓል። የጦር ሠራዊት የሕክምና ክፍል፣ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ መንግሥት የፈቀደላቸው ሆስፒታሎች ናቸው። በሰላም ጊዜ ለሌላ ቢፈቀድ እንኳ ለአምቡላንስና በነጻ ለሚያክም የእርዳታ ጣቢያ ነው። በገንዘብ የሚያክም ክሊኒክ እዚህ ውስጥ የለም። ሽሮፕ የሚሸጥ መድኃኒት ቤትም የለም።

ለሌላ ከተማ ሰው ይህ የወረቀት ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። የደሴ ሰው ግን ሊመስለው አይገባም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያን ጊዜ ጦሩን ለመምራት እዚሁ ነበሩ። አሜሪካውያን ሚስዮናውያን የሚያክሙበት የተፈሪ መኮንን ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት ነበረበት። ቦምቡ እዚያም ወደቀ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1927 ነው የተቋቋመው፤ ገና አምስት ወሩ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ ተመታ። በየካቲት ኮረም አጠገብ የእንግሊዞቹ ተደገመ። እነዚህ ሐኪሞች ያንን መስቀል ጣሪያና ድንኳን ላይ ያደረጉት አብራሪው እንዲያየው ነው።

ያንን ቃል ያጠፉት ፋሺስቶች ናቸው። እኔ ቦምብ አልጣልኩም። ግን ልጆቻችንን አስቡ። ደሴ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ ቀይ መስቀልን የሚያውቀው ከየት ነው? መርፌ ከሚወጋበት በር ላይ ነው። እናቱ ቦርሳዋን ከፍታ ብር ከምትቆጥርበት ባንኮኒ በላይ ነው። ምልክቱ ለእሱ «እዚህ መድኃኒት ይሸጣል» ማለት ሆኖ ያድጋል። ያ ልጅ ነገ መሣሪያ ሊይዝ ይችላል። እኛ በ2014 ጦርነቱ እስከ ቤታችን ድረስ መጥቶ አይተነዋል፤ እሩቅ ነገር አይደለም የማወራው። በዚያን ቀን ቀይ መስቀል ያለበት መኪና ሲመጣ ጣቱን ከቃታው ላይ የሚያነሳው ምንድን ነው? ሱቅ ላይ ሲያየው የኖረው ምልክት? እኔ 11 ደረቅ ቅጠል መንገድ ላይ ጥዬ ሄጃለሁ። ሌሎች ሠዓሊዎችም እንደኔ ባለማወቅ የጣሉት ብዙ ነው።

«ታዲያ ምን እንሣል?» ትሉኛላችሁ። አረንጓዴ ላይ ነጭ መስቀል አለ። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ዓለም አቀፍ ምልክት ነው፣ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ለመድኃኒት ቤት ብዙ አገር አረንጓዴ መስቀል ይሰቀላል። መስቀል ምንም ዓይነት ይሁን አልፈልግም የሚል ካለ ዋንጫና እባብ አለ። ስለ እባቡ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ መሰላል ላይ ሆኜ እባቡን እየቀባሁ ከገጠር የመጡ እናት ቆመው አዩኝ። የሐኪም ማዘዣ ወረቀት በእጃቸው አጥፈው ይዘዋል። «ልጄ፣ እዚህ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ነው እንዴ?» አሉኝ። ወርጄ ነገርኳቸው። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን የናስ እባብ አስታወስኳቸው፣ ያየው ሁሉ የዳነበትን። ፈገግ አሉና ገቡ። እኔ ባልኖር ግን ማዘዣቸውን ይዘው ያልፉ ነበር። ስለዚህ እባብ ስታሠሩ «መድኃኒት ቤት» የሚለውን ፊደል ትልቅ አድርጉልኝ። ማንበብ የማይችል ሰው ካያችሁም በር ላይ ወጣ ብላችሁ ጥሩት።

ለሾፌሮች ደግሞ ስለ ዜብራ። አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ግድግዳ ስቀባ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ታናሽ ወንድሟን እጁን ይዛ ትመጣለች። የመጀመሪያው ቀን ዜብራው ጫፍ ላይ ቆመች። እንደተማረችው እጇን አነሳች። ባጃጅ አለፈ። ሚኒባስ አለፈ። አንድ አይሱዙ ጥሩምባ ነፍቶባት አለፈ። ልጁን ጎትታ ወደ ኋላ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ባዶ ሲሆን ሮጠው ተሻገሩ። ሐሙስ ዕለት ዜብራው ጋ አልመጣችም። ከሱቆቹ መሐል፣ ከቆመ መኪና ጀርባ ወጥታ ተሻገረች። ልጅቷን አትቆጧት። ያ ነጭ መስመር ምንም እንዳልሆነ በአራት ቀን አስተምረናታል።

መጣስ ደግሞ እዚያው አይቆምም። ኔዘርላንድ ውስጥ ግሮኒንገን ከተማ የብስክሌት ማቆሚያ ግድግዳ ላይ «መሞንጨር ክልክል ነው» የሚል ምልክት ሰቀሉ። በየብስክሌቱ መያዣ ላይ ወረቀት አሰሩ። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ከ100 ሰው 33ቱ ወረቀቱን መሬት ላይ ጣሉ። ምልክቱ እንዳለ ግድግዳው ሲሞነጫጨር 69ኙ ጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ነው። ልብ በሉ፣ የተከለከለው መሞንጨር ነው፣ ሰዉ የተወው ግን ንጽሕናን ነው። ዜብራ ላይ ያልቆመ አንድ ባጃጅም ከኋላው ላለው ሁሉ ቀይ መብራቱንም፣ ወረፋውንም፣ ሌላውንም ደንብ አብሮ ያቀልበታል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ትራፊክ ፖሊስ ባይኖርም ቁሙ። የመንገድ ቀለም ለምትቀቡ ባልደረቦቼ ደግሞ፦ ክረምቱ መስመሩን ያጥበዋል። ትምህርት ሳይከፈት፣ መስከረም ሳይገባ ይታደስ። የማታድሱትን ከመጀመሪያውም አትሣሉት።

የራስ ቅሉን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ድሮ ሞት ማለት ነበር። ዛሬ ሰልባጅ ተራ ሂዱና እዩ፤ የልጆች ቲሸርት ላይ እየሳቀ ተሥሏል። አሜሪካም ይህ ገጥሟቸዋል። ፒትስበርግ የሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1971 የመርዝ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ሌላ ምልክት አወጣ፤ ምላሱን አውጥቶ የተጸየፈ አረንጓዴ ፊት። የራስ ቅሉ ለልጆቹ የባሕር ወንበዴ ጨዋታ ሆኖባቸው ነበር፤ የከተማው ቤዝቦል ቡድን ስምም ወንበዴዎቹ ነው። ክሊኒኮች ውስጥ በቢጫው የመርፌ መጣያ ሣጥን ላይ ያለው፣ በሽታ የሚያስተላልፍ ነገር አለ የሚለው ባለቀለበት ምልክት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሠራ ሆን ተብሎ ትርጉም የሌለው፣ ግን የማይረሳ እንዲሆን ነው የተመረጠው። ትርጉሙን ሰው በኋላ እንዲያስተምረው ነው። ከጦርነቱ የተረፈ ያልፈነዳ ብረት ሜዳ ላይ በሚገኝበት አገር የራስ ቅል ያለበት ሰሌዳ ሲተከል ልጁ ቲሸርቱን እንዳያስታውስ፣ ወላጆች፣ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት። ሰሌዳው ብቻውን አይበቃውም።

አሁን የመጣሁበትን ልጨርስ። ደሴም ኮምቦልቻም፣ ቀይ መስቀል ያለበት ታፔላ ያላችሁ የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ እኔ የሠራሁት ከሆነ ቀለሙም እጁም ከኔ ነው። ሌላ ሰው የሠራው ከሆነ ቀለሙን ብቻ ግዙ። መሰላል አዘጋጁ። እሁድ እሁድ እመጣለሁ።

የመጀመሪያውን ባለፈው እሁድ ጀምሬያለሁ። ቀዩን ፈግፍጌ አረንጓዴ ቀባሁበት። በአንድ እጅ ቀለም አልጠፋም። ሲደርቅ መስቀሉ ከሥር እንደ ጥላ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛ ደረብኩ። ባለቤቱ አስፋልቱን ተሻግረው ከማዶ ቆሙና አዩት።

«አሁንስ ይታያል?» አልኳቸው ከመሰላሉ ላይ።

«ትንሽ ይታያል» አሉኝ። «ድገመው።»

ከአክብሮት ጋር
ታፔላ ሠዓሊው፣ ከደሴ